የሠራተኛውን ታሪክ መድረክ ላይ ማውጣት፦ ስለ አሳታፊ ቴአትር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡድን ለማቋቋም የሚያስቡ ሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችና የቴአትር አዘጋጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሳታፊ ቴአትር ምንድን ነው? ከተለመደው ቴአትር በምን ይለያል?

በተለመደው ቴአትር ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአሳታፊ ቴአትር ግን ታሪኩን የሚሰጠው፣ ብዙ ጊዜም የሚጫወተው፣ ራሱ ባለጉዳዩ ነው። ተመልካቹም ከመቀመጫው ተነሥቶ የትዕይንቱን አካሄድ መለወጥ ይችላል። ትርፍ ሰዓት ሠርታ ያልተከፈላት ሴት ጉዳይ መድረክ ላይ ሲታይ፣ እንደሷ ያልተከፈለው ሰው ይነሣና በቦታዋ ቆሞ አለቃውን ያነጋግራል። ሠራ? አልሠራም? የቱ ጋ ተበላሸ? ውይይቱ ከዚያ ይነሣል።

እኛ ቴአትሩን የምናየው እንደ ልምምድ ነው። ሥራ ቦታ ላይ አንዲት ያልታሰበባት ቃል እንጀራ ታሳጣለች። እዚህ ግን አሥር ጊዜ ተሳስቶ አሥራ አንደኛውን መሞከር ይቻላል፤ የሚባረር የለም።

ዘዴው ከየት መጣ?

ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ብራዚላዊው አዘጋጅ አውጉስቶ ቦአል ነው። ቦአል በሳኦ ፓውሎ አሬና ቴአትር ይሠራ ነበር። በ1971 ወታደራዊው መንግሥት አስሮ አሠቃየው፤ ሲለቀቅ ወደ አርጀንቲና ተሰደደ። ዛሬ ፎረም ቴአትር የሚባለው መልክ የያዘው በ1973 ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሠራ ነው። በመጀመሪያ ተመልካቹ ሐሳቡን በቃል ይሰጥና ተዋንያኑ ይጫወቱት ነበር። አንዲት ሴት ግን ያለችውን ተዋንያኑ እንዳሰበችው ሊያሳዩላት አልቻሉም። «እንደሱ አይደለም» እያለች ደጋግማ ብታርማቸውም ስላልሆነላቸው፣ በመጨረሻ ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ አሳየች። «ተናገሩ» መባሉ ቀርቶ «ኑ፣ አሳዩን» መባል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዘሩ ግን አንድ ብቻ አይደለም። በኬንያ ሊሙሩ አካባቢ በካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር ሆነው በ1977 በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት አቀረቡ። ልምምዱ የሚደረገው በገሃድ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያርም ነበር፤ ተመልካቹ የሚቀመጥበትን ቦታም የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ደግሞ በ1985 የተመሠረተው ጃና ሳንስክሪቲ የተባለው ቡድን ፎረም ቴአትርን በገጠር መንደሮች ሲሠራበት ኖሯል። ከነዚህ ከሁሉም የምንማረው አንድ የአሠራር ነገር አለ፦ ጽሑፉ አልቆ ለሠራተኛው አይሰጠውም፤ ከሠራተኛው አፍ እየተለቀመ ነው የሚጻፈው።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የቱን እንምረጥ?

ጥያቄያችሁ «ምን እናድርግ?» ከሆነ ፎረም ቴአትር ይስማማችኋል፤ ይህ ገጽም በአብዛኛው ስለሱ ነው። ጥያቄው «ምን እየደረሰብን ነው?» ሲሆን፣ ወይም ተሳታፊዎቹ በቋንቋ የማይግባቡ ሲሆኑ፣ በምስል ቴአትር ጀምሩ። አንዱ ተሳታፊ ባልደረቦቹን እንደ ጭቃ እየቀረጸ «ሥራችን ይህን ይመስላል» ብሎ ያለ ቃል ያቆማቸዋል። ቀጥሎ የሚመኘውን ምስል ይሠራል፤ በመጨረሻም ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረውን መካከለኛ ምስል ይፈልጋል። ጭንቁ ያለው እዚያ መካከለኛው ላይ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ፕሌይባክ ቴአትርን ጆናታን ፎክስና ጆ ሳላስ በ1975 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ጀመሩት። ከተመልካቹ አንዱ ያጋጠመውን ይናገራል፣ ተዋንያኑ ያለ ጽሑፍ እዚያው ያሳዩለታል። በሥራ ላይ ባልደረባ የሞተበት ወይም ፋብሪካው የተዘጋበት ሰው ሰሚ ሲፈልግ ይህን የሚያህል የለም። ስልት ለማውጣት ግን አይጠቅምም። ስውር ቴአትርን፣ ማለትም ሰዉ ቴአትር መሆኑን ሳያውቅ በአደባባይ የሚጫወቱትን፣ ለጀማሪ ቡድን አንመክርም፤ ነገሩ ከእጅ ሲወጣ የሚጎዳው ሠራተኛው ተዋናይ ነው።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ይጫወቱ ወይስ ሙያተኛ ተዋንያን?

አደጋ ከሌለው ራሳቸው ይጫወቱ። ምክንያቱ ስሜት ብቻ አይደለም። የልብስ ስፌት ሠራተኛ አለቃዋን ስታነጋግር ቀና አትልም፤ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው የምትመልሰው። ቀና ብላ ፊት ለፊት ማየቷ ብቻ በዚያ ቦታ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሙያተኛ ተዋናይ ይህን ሳያውቅ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ቀና ይላል፤ ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጡት ሠራተኞችም «ይሄማ የእኛ አይደለም» ብለው ልባቸውን ይዘጋሉ።

ሙያተኛ የሚያስፈልግባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው መታየቱ ብቻ ሰውን የሚያስባርር ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሳጣ ሲሆን ነው። ሁለተኛው የአለቃው ሚና ነው፤ ይህ ሚና ከሁሉ ይከብዳል፣ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ለመጀመር ምን ያህል ሰው፣ ጊዜና ዕቃ ያስፈልጋል?

ከ8 እስከ 15 ሰው። ከ8 በታች ሲሆን ሁለት ሰው በቀረ ቁጥር ልምምዱ ይቆማል፤ ከ15 በላይ ሲሆን ዝምተኞቹ ተደብቀው ይቀራሉ። እያንዳንዳቸው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት የሚወስዱ ከስድስት እስከ ስምንት ስብሰባዎች ይበቃሉ፦ ሁለቱ ለመተዋወቅና ለአካል ጨዋታ፣ ሁለቱ ለታሪክ፣ የቀሩት ለትዕይንቱ ግንባታና ልምምድ። ትዕይንቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሁን። 30 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ይዘው የሚመጡ ቡድኖች ለተመልካቹ የሚተርፍ ጊዜ አጥተው ይበተናሉ፤ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ዕቃው ጥቂት ነው፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሚናን የሚለይ ሽርጥ ወይም ኮፍያ። ሽርጡ በአንድ እጅ የሚወልቅ ይሁን፤ ከተመልካቹ የሚነሣው ሰው ቶሎ እንዲለብሰው ነው። ከፍ ያለ መድረክ አትፈልጉ። ተመልካቹን በግማሽ ክብ፣ ከሦስት ረድፍ ባልበለጠ አስቀምጡት፣ በረድፎቹም መካከል መውጫ ተዉ። ከ30 እስከ 80 ሰው ጥሩ ነው። ማይክሮፎን እስኪደርስ ሲጠበቅ የመጣው ድፍረት ይጠፋል፤ ስለዚህ ያለ ማይክሮፎን የሚሰማበት ቦታ ምረጡ።

ሰዓቱን ከፈረቃው ጋር አገናዝቡ። ሌሊት አድሮ የወጣ ሰው ጠዋት ልምምድ አይመጣም፣ ቢመጣም አይሰማም። ልጅ ያላቸው ሴቶች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይመደብ፤ አለዚያ ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ የቀሩት ወንዶች ብቻ ይሆናሉ፣ ታሪኩም የወንዶች ብቻ ይሆናል። የመስሪያ ቤቱን ግቢ ደግሞ በነጻ ቢሰጣችሁም አትጠቀሙበት።

ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ሳይቋረጥ ይናገራል። ጥያቄ፣ ምክር፣ «እኔም እኮ» የለም። ተራው ሲደርስ «ልለፍ» ማለትም መብት ነው። ዋናው ነገር መክፈቻው ጥያቄ ነው። «በሥራችሁ ምን ችግር አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ንግግር ታገኛላችሁ፦ ደሞዝ ዝቅተኛ ነው፣ አስተዳደሩ አይሰማም፣ ኑሮ ከብዷል። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን አይጫወትም። «ልትናገሩ አፋችሁን ከፍታችሁ መልሳችሁ የዘጋችሁበትን አንድ ቀን ንገሩን» ስትሉ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው ይመጣል።

ክቡ ሲያልቅ ጥያቄ ይፈቀዳል፤ የሚጠየቀው ግን የሚታየውና የሚሰማው ነገር ነው። በእጅሽ ምን ይዘሽ ነበር? ማን ማን ነበር? እሱ ያለው ቃል በቃል ምን ነበር? ከዚያ ወዴት ሄድሽ? «ምን ተሰማሽ?» የሚለው ይቆይ። በዚህ ደረጃ ድምፅ አትቅዱ፤ መቅጃ ባለበት ሰው እንደ ምስክር ይናገራል። የማይረሳ ነገር ካለ አንድ ሰው ከስብሰባው በኋላ ያለ ስም ይጻፈው።

ከታሪኩ ወደ ትዕይንት እንዴት እንሻገራለን?

አንድ ሰው የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል፣ ሌላው ይከለክለዋል፣ ሦስተኛው ሊረዳ ይችል ነበር ግን አይረዳም። አጥንቱ ይኸው ነው። «ክብር ይፈልጋል» አይበቃም፤ «የስምንት ሰዓት ትርፍ ክፍያውን ይፈልጋል» ይበቃል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ሠራተኛዋ የደሞዝ ወረቀቷን ትቀበላለች። 22 ሰዓት ትርፍ ሠርታለች፤ ወረቀቱ ላይ 14 ተጽፏል። በመጀመሪያው ቅንብር ጓደኛዋ የራሷን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ትከታለች፤ አይታዋለች፣ የሷም ጎድሏል፣ ግን ዝም። በሁለተኛው ሠራተኛዋ ተቆጣጣሪዋን ኮሪደር ላይ ታገኘዋለች፤ እሱ ስልክ እያነጋገረ ነው፣ በእጁ «ቆይ» ይላታል። በሦስተኛው ቢሮው ትገባለች። «የፈረምሽበት እኮ ነው» ይላታል ወረቀቱን እያሳየ፤ በእርግጥም ፈርማለች፣ ሲጣደፉ ሁሉም ሳያነቡ ስለሚፈርሙ። ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆማለች። ተቆጣጣሪው ወደሷ ዞሮ «አንቺስ ቅሬታ አለሽ?» ይላል። «የለኝም።» ሠራተኛዋ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች፤ ትዕይንቱ አለቀ።

ልብ በሉ፣ ተመልካቹ ሊገባ የሚችልባቸው ቢያንስ አራት ቀዳዳዎች አሉ፦ ሰዓቱን በራስ ደብተር መመዝገብ፣ ሲፈረም ማንበብ፣ ብቻ አለመሄድ፣ የጓደኛዋ መልስ። ትዕይንቱ በሽንፈት ማለቅ አለበት፣ ሽንፈቱ ግን የማይቀር መምሰል የለበትም። ብዙ ቡድኖች እዚህ ይሳሳታሉ። ሠራተኛውን ፖሊስ እየደበደበው ቢጀመር ተመልካቹ የሚሞክረው ነገር አይኖረውም፤ ያዝናል፣ ይናደዳል፣ ይቀመጣል። ከዱላው ሦስት ቀን በፊት ወደነበረው ውይይት ተመለሱ፤ ምርጫው ያለው እዚያ ነው። በተቃራኒው ደግሞ መጨረሻው በድል ከተዘጋ የሚነሣ ሰው አይኖርም፤ ምን ሊሠራ ይነሣል?

አወያዩ ምን ይሠራል?

በፎረም ቴአትር «ጆከር» የሚባለው አወያይ በትዕይንቱና በሰዉ መካከል የሚቆም ሰው ነው። አካሄዱ ይህ ነው፦ ደንቡን በሁለት ደቂቃ ይነግራል፣ የአምስት ደቂቃ የአካል ማሟሟቂያ ያሠራል፣ ትዕይንቱ ሳይቋረጥ ይታያል። ከዚያ «ይህ ነገር የምታውቁት ነው? ማን ምን ፈልጎ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ትዕይንቱ ከመጀመሪያው ትንሽ ፈጠን ብሎ ይደገማል፤ ማንም «ቁም!» ሲል ሁሉም ባለበት ይቆማል። የተነሣው ሰው ሽርጡን ለብሶ በሠራተኛዋ ቦታ ይገባል፣ ከሚፈልገው ነጥብም ይቀጥላል። አንድ ሙከራ ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአምስት እስከ ሰባት ሙከራ ካገኛችሁ መልካም ነው።

ሙከራው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሞከረው ነው፦ «ምን ልታደርግ ነበር ያሰብከው? ሆነልህ?» ቀጥሎ ተቆጣጣሪውን የተጫወተው፦ «የቱ ጋ ነው የተጨነቅከው?» በመጨረሻ ሰዉ፦ «ነገ ብታደርጉት ምን ይከተላል?» አወያዩ «ትክክል ነው ወይስ ስሕተት?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ጎበዝ!» ብሎም አይፈርድም፣ ያሞገሰው ሐሳብ ቀጥሎ የሚነሣውን ሰው ያሳፍራልና። የራሱን መፍትሔም አይናገርም። ይህ የመጨረሻው ለመምህራንና ለማኅበር መሪዎች በጣም ስለሚከብዳቸው፣ እነሱን አወያይ ከማድረግ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡበት።

ማንም ባይነሣስ?

መጀመሪያ ጠብቁ። 20 ሰከንድ ዝምታ ለቆመው አወያይ ዓመት ይመስለዋል፤ ለተቀመጠው ግን ልብ የሚያደርግበት ጊዜ ነው። ካልሆነ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ለሁለት ደቂቃ እንዲነጋገር አድርጉ፤ ከዚያ «እዚህ ጋ ምን ሐሳብ ነበር?» ብላችሁ ከተናገሩት መካከል ጠይቁ። አንድ ሰው ከመቀመጫው ሐሳብ ሲሰነዝር «በጣም ግልጽ ነው፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ናትና አሳየን» ማለት ይሠራል። ሁለት ሆነው እንዲገቡ መፍቀድም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ዝምታው ካልተሰበረ ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም። ወይ ትዕይንቱ ቀዳዳ የለውም፣ ወይ ታሪኩ የእነሱ አይደለም፣ ወይ ክፍሉ ውስጥ የሚፈሩት ሰው ተቀምጧል። ሦስተኛውን ከገመታችሁ ማንንም አታግደርድሩ፤ በምስጋና ዝጉት።

ተመልካቹ አለቃውን ቢደበድብ ወይም አለቃው ወዲያው እሺ ቢልስ?

ዱላው እንደ ሐሳብ ይታይ፣ አካል ግን አይነካ፤ ይህ በደንቡ ላይ አስቀድሞ ይነገር። «መታሁት፤ ከዚያስ?» ብላችሁ አንድ ቅንብር ወደፊት ተጫወቱት። ሰዉ ራሱ ይመዝነዋል። «ባለቤቱ በድንገት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ» ዓይነት መፍትሔ ሲመጣ ደግሞ አወያዩ ለሰዉ ይመልሰዋል፦ «ይህ በእኛ ቦታ ይሆናል?» ካልሆነ በአክብሮት ይታለፋል።

ብዙው ነገር የሚወሰነው ግን አለቃውን በሚጫወተው ሰው ነው። ሁለት ጥፋት አለ። አንዱ አለቃውን መሳቂያ ማድረግ ነው፤ ሰዉ ይስቃል፣ የሚማረው ግን የለም፣ ነገ የሚገጥመው ሰው እንደዚያ አይደለምና። ሌላው ላለመሸነፍ እልህ መጋባት ነው፤ ምን ቢባል «አይሆንም» ካለ ሦስተኛው ሰው አይነሣም። ትክክለኛው እውነተኛው ሰው የሚሰጠውን ያህል መስጠት ነው። በልምምድ ጊዜ ለዚህ ተዋናይ ሦስት ነገር እንዲያውቅ አድርጉት፦ ከበላዩ ማን አለ? ምን ቢመጣ ይፈራል? በየትኛው ቃል ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው? ተቆጣጣሪውም ከላይ የሚወርድበት የምርት ኮታ እንዳለ ሲታይ ጥያቄው ከግለሰቡ ጠባይ ወደ አሠራሩ ይሸጋገራል። ያን ጊዜ ነው ውይይቱ የሚበስለው።

አለቃውን መተካት ይፈቀዳል?

በመደበኛው አይፈቀድም። አለቃውን ደግ አድርጎ መጫወት ችግሩን መፍታት ሳይሆን ችግሩ ባይኖር ብሎ መመኘት ነው። በሩ ላይ የቆመችውን ጓደኛ መተካት ግን ይቻላል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚጠቅሙት ሙከራዎች ብዙውን ጊዜ ከሷ ነው የሚመጡት፣ አብዛኞቻችን በሕይወታችን የቆምነው እዚያ በር ላይ ነውና።

ተሳታፊዎቻችን ከሥራ እንዳይባረሩ እንዴት እንጠብቅ?

ይህን ያላሰበ ቡድን መድረክ ላይ ባይወጣ ይሻላል። ታሪኩን ቢያንስ ከሦስት ሰዎች ታሪክ አዋሕዱት፤ የሥራ ክፍሉን፣ ጾታውን፣ ወሩን፣ የማሽኑን ዓይነት ለውጡ። ባለታሪኩ የራሱን ሚና አይጫወት። ከሙከራው በኋላ «ይህን ሲያይ አለቃችሁ ማንን ይጠረጥራል?» ብላችሁ ለቡድኑ ጠይቁ፤ አንድ ስም ከተነሣ እንደገና ለውጡት። የመጀመሪያው ትርኢት ለሠራተኞች ብቻ ዝግ ይሁን። አስተዳደሩ ይጋበዝ ወይስ አይጋበዝ የሚለውን ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይወስናል፤ አንድ ሰው እንኳ «አልፈልግም» ካለ አይጋበዝም። አስተዳደር ሳይጠራ ቢመጣ ምን እንደምታደርጉም አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ በምልክት ወደ ሌላ፣ ከሥራው ጋር ወደማይገናኝ ትዕይንት መዞር አንዱ መንገድ ነው።

አደጋው ከመባረርም ሊያልፍ ይችላል። በሕንድ የጃና ናትያ ማንች ቡድን መሥራች ሳፍዳር ሃሽሚ ጥር 1 ቀን 1989 ከዴልሂ አጠገብ በሳሂባባድ ለሠራተኞች የጎዳና ተውኔት ሲያቀርቡ በተሰነዘረባቸው ጥቃት ቆስሎ በማግስቱ ሞተ፤ ራም ባሃዱር የተባለ ሠራተኛም ተገደለ። ጥር 4 ቀን ባለቤቱ ሞሎያሽሪና ጓደኞቿ እዚያው ቦታ ተመልሰው ያልጨረሱትን ተውኔት ጨረሱት። በኬንያም የካሚሪቱ ተውኔት ከሳምንታት በኋላ ታግዶ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያለ ፍርድ ለአንድ ዓመት ያህል ታስሯል። ስለዚህ የጎዳና ትርኢት ከመውጣታችሁ በፊት መውጫ መንገዱን እዩ፣ ከተዋንያኑ ውጭ ዙሪያውን የሚመለከቱ ሁለት ሰዎች መድቡ፣ በአገራችሁ ሕግ ስለ መሰብሰብና ስለ መደራጀት የተደነገገውን የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ሕጉ ቢጠብቃችሁ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ በወራት ክርክር ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው በነዚያ ወራት ምን ይበላል የሚለውም መልስ ይፈልጋል።

ልምምድ ላይ ሰው ቢያለቅስ ወይም ቢደነግጥስ?

አቁሙ፣ ውኃ ስጡት፣ የሚያምነው አንድ ሰው አብሮት ይውጣ፣ የቀሩት በቀላል የአካል ጨዋታ ይቀጥሉ። ለቅሶ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ለቅሶውን ለትዕይንቱ ማድመቂያ ማድረግ ነው። ጾታዊ ጥቃት፣ በቅርብ የደረሰ የሥራ አደጋ ወይም ሞት ያለበት ታሪክ ከመጣ፣ በምክር አገልግሎት የሠለጠነ ሰው ሳይኖር ወደ ትዕይንት አትቀይሩት። እኛ ቴአትር እንጂ ሕክምና አልያዝንም።

ታሪኩ የማን ነው? ቪዲዮ ብንቀርጸውስ?

የባለታሪኩ ነው። ፈቃድ ሦስት ጊዜ ይጠየቅ፦ ሲናገር፣ ትዕይንቱ ተሠርቶ ካየው በኋላ፣ ወደ አዲስ ተመልካች ከመሄዱ በፊት። በሁለተኛው ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ያጋጥማችኋል፤ የሥራ ልፋት ተበላሸ ብላችሁ አትለምኑት፣ ትዕይንቱን ጣሉት። ቡድኑ ገንዘብ ካገኘ ክፍያው ለተዋንያኑ ብቻ ሳይሆን ታሪክ ለሰጡትም ይድረስ፤ ድርሻውን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩበት።

ቪዲዮን በተመለከተ ፎረሙን፣ ማለትም ሰዉ የሚነሣበትን ክፍል፣ አትቅረጹ። ትዕይንቱን ብቻ፣ ተዋንያኑ ከተስማሙ፣ ያለ ተመልካች ለብቻው መቅረጽ ይቻላል። ስልክ በየሰዉ እጅ ስላለ አወያዩ በመክፈቻው ላይ ምክንያቱን ጭምር ይናገር።

የሚደግፈን ድርጅት «ይህን መልእክት አስተላልፉልን» ቢለንስ?

መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ፎረም አይደለም። «የደኅንነት ጓንት ልበሱ» የሚል ትዕይንት እንድትሠሩ ተጠየቃችሁ እንበል። ሠራተኞቹን ስትጠይቁ ጓንቱ ቀጭን ስለሆነ ይቀደዳል፣ ሲለብሱት ደግሞ እጃቸው ይዘገይና ኮታው ይጎድላል። እውነተኛው ታሪክ ይህ ነው። ይህን ታሪክ መሥራት ከተፈቀደላችሁ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ካልተፈቀደ አትቀበሉ። ከመፈረማችሁ በፊት «ርእሱን እናንተ፣ ታሪኩን ሠራተኞቹ ይመርጣሉ፤ ጽሑፉን ማንም አስቀድሞ አያጸድቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ አስገቡ።

ከትርኢቱ በኋላ ለውጥ እንዴት ይመጣል?

በራሱ አይመጣም። በትርኢቱ ላይ አንድ ጸሐፊ መድቡ፤ እያንዳንዱን ሙከራ ማን ሞከረው ሳይሆን ምን ተሞከረ፣ የቱ ጋ ተሰናከለ ብሎ ይመዝግብ። ሲያበቃ ሐሳቦቹን በሦስት ለዩ፦ አንድ ሰው ነገውኑ ሊያደርገው የሚችለው፣ ብዙ ሆነን የምናደርገው፣ ደንብ ወይም ሕግ ካልተቀየረ የማይሆነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ሰዓትን በደብተር መመዝገብ አንደኛው ነው፤ አብሮ መግባት ሁለተኛው፤ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን አንድ ቀን ይዞ እንዲያይ የሚያስገድድ የኅብረት ስምምነት አንቀጽ ሦስተኛው። ሰዉ ሳይበተን የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ይቆረጥ፣ ከሰባት ቀን አይለፍ። ሰባት ቀን ካለፈ ትዝታው ብቻ ነው የሚቀረው።

ሦስተኛውን ዓይነት ቦአል ራሱ ሩቅ ወስዶታል። ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲሠራ በከተማው የተለያዩ ወገኖች ውስጥ የፎረም ቡድኖች አቋቋመ፤ ከትርኢቶቹ የተሰበሰበው ሐሳብ በሕግ ባለሙያዎች ተጣርቶ ረቂቅ ይሆን ነበር። በዚህ መንገድ 13 ሕጎች ጸደቁ። ይህ የሕግ አውጪ ቴአትር ይባላል። ምክር ቤት ውስጥ ሰው የሌላችሁ ቡድኖች በትንሹ ልትሠሩት ትችላላችሁ፦ የኅብረት ስምምነት ድርድር ሲቃረብ ተደራዳሪዎቹን በተመልካችነት ጋብዟቸው፣ ከወንበራቸውም ይነሡ።

ውጤቱን በጭብጨባ አትለኩ። ከወር በኋላ ከተመልካቾቹ ለአሥሩ ደውላችሁ «ከዚያ ወዲህ የሞከራችሁት ነገር አለ? ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጣል። ሞክረው ያልሆነላቸው ታሪካቸው ለሚቀጥለው ትዕይንት መነሻ ይሆናል።

ቴአትሩ ትግሉን ሊጎዳው ይችላል?

አዎ፣ ጎድቶም ያውቃል። በ1913 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የፓተርሰን የሐር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ። ሰኔ 7 ቀን ከሺህ የሚበልጡ አድመኞች ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የራሳቸውን አድማ መድረክ ላይ አሳዩ፤ አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር እንደ ትርኢት ትልቅ ድል ነበር። ለአድማው ማኅበር ግን ገንዘብ ሳይሆን ኪሳራ ተረፈው። ከአድማው መሪዎች አንዷ ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን ኋላ ስትናገር፣ ልምምዱ ሠራተኞቹን ከፋብሪካው በር ጥበቃ፣ ማለትም አድማ ሰባሪ እንዳይገባ በር ላይ ከመቆም፣ እንዳዘናጋቸው፣ በተመረጡትና ባልተመረጡትም መካከል ቅናት እንደዘራ ገልጻለች። አድማው በዚያው በጋ ተሸነፈ፤ ምክንያቱ ትርኢቱ ብቻ ባይሆንም።

ስለዚህ አድማ ወይም ድርድር ላይ ካላችሁ ተዋንያኑን ከአስተባባሪዎቹ መካከል አትምረጡ፤ ልምምዱን ከስብሰባና ከጥበቃ ተራ ጋር በማይጋጭ ሰዓት አድርጉት። ለአዳራሽና ለመጓጓዣ የሚወጣውን ወጪ ከመስማማታችሁ በፊት ጻፉት፤ ከመግቢያ ክፍያ ገቢ ይገኛል ብላችሁ ለአድማው ሰዎች ቃል አትግቡ። ትዕይንቱንም ትንሽ አድርጉት፦ አራት ተዋናይ፣ አሥር ደቂቃ፣ ከፋብሪካው በር የማይርቅ አንድ ክፍል፤ ከልምምዱ የተነሣ ሰው በአምስት ደቂቃ ተመልሶ ተራውን እንዲይዝ።